ፏፏቴው ጋ ያዋሉኝ ቅዳሜ

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ዘፍዝፌ፣ እጄ በአረፋ እንደተሞላ ጓደኛዬ የግቢውን በር ገፍታ ገባች። ቆቦ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አብረን ማስተማር ከጀመርን ስድስተኛ ዓመታችን ነበር፤ እሷ ሒሳብ፣ እኔ ጂኦግራፊ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጠረጴዛችን አንድ ነው፤ ምሳም ብዙ ጊዜ አብረን ነው የምንበላው። ቅዳሜ ግን አንገናኝም። እሷ ገበያ ትውላለች፣ እኔ የሳምንቱን ልብስ አጥባለሁ።

«ተይው ልብሱን» አለችኝ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። «ዛሬ ሽርሽር ነን።»

«የት?»

«ከጎብዬ በላይ ያለው ጥብቅ ደን። ፏፏቴውን እናያለን። ጋሼ መኪና አግኝተዋል።»

ጋሼ የምንላቸው ምክትል ርዕሰ መምህራችንን ነው። ጡረታ ሊወጡ ትንሽ የቀራቸው፣ ከትምህርት ቤትና ከቤታቸው ሌላ መንገድ የማያውቁ ሰው ናቸው። ለሽርሽር መኪና ይፈልጋሉ ብዬ አስቤ አላውቅም።

«ማን ማን ነው የሚሄደው?»

«እኛው ነን» አለች። ዓይኗ እኔን ሳይሆን ሳፋውን ነበር የሚያየው። ቀጥላ እጅጌዋን ሰበሰበችና ቁጢጥ ብላ ልብሴን ማሸት ጀመረች። «አንቺ ልበሺ፤ ይኼን እኔ ልጨርስልሽ።»

ልብሴን አጥባልኝ አታውቅም። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ብዙም አልገረመኝም። ዓመቱ ሲጀምር መምህራኑ አንድ ቀን ደኑን ሄደን እንይ እየተባባልን ስናወራ ነበር፤ ያ ወሬ ፍሬ አፈራ ብዬ አሰብኩ። ለተማሪዎቼ ፏፏቴ እንዴት እንደሚፈጠር፣ ጠንካራው ድንጋይ እንዴት ከላይ ቀርቶ ልሉ ከሥር እንደሚበላ በየዓመቱ በጠመኔ እየሣልኩ አስተምራለሁ። ፏፏቴ ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ደስ እያለኝ ለበስኩ፤ ሻርፔን አስተካከልኩ፤ ቀለል ያለውን ጫማዬን አደረግሁ።

ስወጣ ልብሱ ገመዱ ላይ ተሰጥቷል። ጓደኛዬ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች፣ «ስልክሽን ስጪኝ እስቲ» አለችኝ። «የኔ ካሜራ አይሠራም። ፎቶ የማነሳሽ ባንቺው ነው።»

ሰጠኋት። ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችው።

ሚኒባሱ ከበራችን ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል። ጋሼ ከፊት ወንበር ወርደው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። እንዴት አደርሽ አሉኝ፤ ደህና አልኳቸው። መልሰው እንዴት አደርሽ አሉኝ። ሹፌሩ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝና ሞተሩን አስነሳ።

ጥቅምት ገና መግባቱ ነበር። ከቆቦ ስንወጣ በግራም በቀኝም ማሽላው ፍሬው ከብዶት ጎንበስ ብሏል። ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ማማ ላይ ቆመው ይጮሃሉ። አንድ ሰውዬ ሁለት ግመል እየጎተተ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዞ ይሄዳል። ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጣ ክንዷን በክንዴ አቆላልፋለች። ስለ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ነገር ነገርኳት፤ ሳቀች። ሳቋ ከወሬው ይበልጥ ነበር።

ሮቢት ስንደርስ፣ «ጋሼ፣ ለአንድ አፍታ ብንቆም? እናቴን ሰላም ልበላት» አልኩ። የእናቴ ቤት ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው። ወንድሜ ከሄደ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ እኔ በየሁለት ሳምንቱ እመጣለሁ።

ጋሼ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ «ስንመለስ እንቆማለን። አሁን ፀሐዩ ሳይበረታ እንድረስ» አሉኝ።

ሹፌሩ ፍጥነት ጨመረ። ያኔ ነው አጎቴን ያየሁት። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ የሚኖረው ከሮቢት ወደ ቆላው ወረድ ብሎ ነው፤ ገበሬ ነው። ጥቅምት ላይ ማሽላውን ጥሎ ከተማ አይወጣም። አሁን ግን ለጁምዓ ብቻ የሚለብሰውን ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ኮፍያውን አድርጎ፣ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር የወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ ላይ ቆሟል። ቀኑ ቅዳሜ ነው። መኪናው ሲያልፍ ቀና አለና በመስኮቱ ውስጥ አየኝ። እጄን አነሳሁለት። አጎቴ ፊቱን አዞረ።

የጓደኛዬ ክንድ ክንዴ ላይ ጠበቀ።

እኔም ገባኝ።

እንዲህ በቶሎ የገባኝ ሥራውን ስለማውቀው ነው። ባለፈው ዓመት የፊዚክስ መምህሩ አባት አርባ ምንጭ ሲሞቱ መርዶውን ካረዱት ሰዎች አንዷ እኔ ነበርኩ። ያኔም ነገሩን የያዙት ጋሼ ናቸው። ሰውየውን ሰበብ ፈጥረን ቤታቸው አመጣነው፣ ስልኩን ቻርጅ እናድርግልህ ብለን ወሰድንበት፣ ኀዘን ከገባ በኋላ እህል አይወርድለትም ብለን አበላነው። ወጡን የጨለፍኩለት እኔ ነኝ። ቀልድ አወራሁለት። ዘመዶቹ ተሰብስበው እስኪደርሱ እንዲህ አዋልነው፤ ጎህ ሲቀድ ነገርነው። ስለዚህ መኪናው ውስጥ ሆኜ እያንዳንዱ ነገር ቦታው ላይ ተቀምጦ ታየኝ። ልብሱ፣ ስልኩ፣ ሁለት ጊዜ እንዴት አደርሽ፣ ስንመለስ እንቆማለን።

የቀረው ማን እንደሆነ ማወቅ ነበር። እሱንም እንደ ሒሳብ አሰላሁት፤ እንዲያ ማስላቴ አሁን ያሳፍረኛል። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። አጎቴን አሁን በዓይኔ አየሁት። እናቴ ብትሆን አስከሬኗን ቤቷ አስቀምጠው እኔን ወደ ፏፏቴ አይወስዱኝም፤ ወደሷ ነበር የሚያመጡኝ። ቀብሩ ያለቀ፣ ከሩቅ አገር የተሰማ ሞት ብቻ ነው ቀን ሊጠበቅለት የሚችለው። ሩቅ አገር ያለኝ ሰው ደግሞ አንድ ነው።

ታላቅ ወንድሜን አያ ነበር የምለው። በአፋር በኩል አድርጎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ሳውዲ የገባው እኔ ኮሌጅ ሳልገባ ነው። መጀመሪያ በረሃ ውስጥ የሰው በግ ጠበቀ፤ በኋላ የውሃ ቦቴ መንዳት ጀመረ። የተማርኩት በሱ ጉልበት ነው። ዓርብ ዓርብ ከሰላት በኋላ ይደውላል። በዋዜማው ዓርብ ግን አልደወለም ነበር። ኔትዎርኩ ነው ብዬ ተኛሁ።

ይህን ሁሉ ሳስብ የሆነ ነገር ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ደረቴ ይመታል፣ እጮሃለሁ፣ መኪናውን አቁሙ እላለሁ ብዬ። ምንም አልመጣም። ከመስኮቱ ውጭ የሽንኩርት ማሳ አለ፤ የውሃ ሞተር ይሠራል፤ ከቱቦው የሚወጣው ውሃ ቀይ ነው። አፈሩ ቀይ ስለሆነ ነው ብዬ አሰብኩ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ጎብዬን አልፈን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራራው የሚወስደውን የጠጠር መንገድ ያዝን። ደኑ በር ላይ የዛገ ታፔላ አለ፤ ጽሑፉ ግማሹ ተፍቋል። በጦርነቱ ጊዜ ዳሩ ዳሩ ላይ ብዙ ዛፍ ተቆርጧል፤ ጉቶዎቹ እስካሁን ይታያሉ። የደን ጠባቂው በእኔ ዕድሜ የሚሆን፣ ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነበር። እንግዳ በማየቱ ደስ ብሎታል።

«ሁለት የእግር መንገድ አለን» አለ። «አንዱ አጭር ነው፤ ቀጥታ ወደ ታችኛው ፏፏቴ ያወጣል። ሌላው ዙሪያውን ነው፤ ሦስቱንም ፏፏቴ ያሳያል፤ ግን ያደክማል። ከሰዓት በኋላ ነው የምትመለሱት።»

«ረጅሙን» አሉ ጋሼ ወዲያው።

ጋሼ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ትምህርት ቤት ውስጥ ፎቁን ላለመውጣት ስብሰባ ሁሉ ታች ነው የሚያደርጉት። ዱላ ከጠባቂው ተውሰው ከፊቴ መውጣት ጀመሩ። እኔ ከኋላቸው የጫማቸውን ተረከዝ እያየሁ ተከተልኩ። ቀኝ ተረከዙ ከግራው ይልቅ ተበልቷል።

ደኑ ውስጥ ጥላው ድንገት ነው የሚያገኝህ። ከቆላው ሙቀት ወጥቶ ጓዳ ውስጥ እንደ መግባት ነው። ጠባቂው እየዞረ የዛፎቹን ስም ይነግረናል። ይኼ ጽድ ነው። ይኼ ዋንዛ ነው። ይኼ ክትክታ። አንዱን ወፍራም ግንድ በመዳፉ መታ አደረገና፣ «ይኼ ወይራ ነው፤ የኛ ሽማግሌዎች ኤጄርሳ ይሉታል» አለ። ስሞቹን በልቤ ደገምኳቸው። ጽድ፣ ዋንዛ፣ ክትክታ፣ ወይራ። ሌላ የምይዘው ነገር ስላልነበረኝ እነሱን ያዝኩ። ላያችን ላይ ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ጓደኛዬ፣ «እይ፣ እይ፣ ልጇን አቅፋለች» አለችኝ። አየሁ። ጥቁርና ነጭ ነበረች።

ቁልቁለቱ ላይ ጠባቂው ከኔ ጎን መሄድ ጀመረ።

«ያገሬ ልጅ ትመስይኛለሽ። ከየት ነሽ?»

«ሮቢት ነው የተወለድኩት።»

«እኔም የዚሁ የጎብዬ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ሮቢት ሠርቷል፤ ብሎኬት ማምረቻ። አሁን ሄደ። በአፋር አድርጎ ሄደ። ከገባ በኋላ ሁለቴ ደወለና ጠፋ። ሦስት ወሩ ነው።» ይህን ሲል ድምፁ አልተለወጠም፤ የዛፎቹን ስም እንደሚናገርበት ድምፅ ነው የተናገረው። «ሳውዲ ያንቺስ ሰው አለ?»

ከኋላዬ የጓደኛዬ እግር ቆመ። ከፊት ጋሼ ሳል ጀመራቸው።

«አለ» አልኩት። «ታላቅ ወንድሜ አለ።»

«ይደውላል?»

«ዓርብ ዓርብ ይደውላል።»

«አልሐምዱሊላህ በይ። እስቲ ሲደውል የወንድሜን ስም ልንገርሽና ጠይቂልኝ፤ ያገር ልጅ ይተዋወቃል።»

«እሺ፣ እጠይቅልሃለሁ» አልኩት። የወንድሙን ስም ነገረኝ። የት ከተማ እንደነበረ ነገረኝ። ደጋግሜ በቃሌ ያዝኩለት። ጋሼ ተመልሰው መጡና ጠባቂውን ስለ መንገዱ ሌላ ነገር ጠየቁት፤ ክንዱን ይዘው ወደፊት ወሰዱት።

ለምን እንዲያ እንዳልኩት ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ውሸት ለመናገር አልነበረም። ማንም እስካሁን ሞቷል አላለኝም። እኔ ካልጠየቅኩ እነሱ መዋሸት የለባቸውም፤ እነሱ ካልተናገሩ አያ አንድ ቀን ተጨማሪ አለው። እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ስልኬን ስጪኝ ብላት ትሰጠኝ ነበር። ቦርሳው እፊቴ ነበር የሚወዛወዘው። አልጠየቅኳትም።

የመጀመሪያው ፏፏቴ ድምፁ ቀድሞ ነው የመጣው። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። ክረምቱ ጥሩ ስለነበር ውሃው ገና አልቀነሰም። ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ ዘሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሥሩ ደግሞ በትክክል እንደማስተምረው ተበልቶ ዋሻ ሠርቷል። ልሉ ድንጋይ ከሥር፣ ጠንካራው ከላይ። ስዕሌ ትክክል ነበር። ብናኙ ፊቴን አረጠበው፤ አልጠረግኩትም።

«ቁሚ፣ ላንሳሽ» አለችኝ ጓደኛዬ። ስልኬን አወጣች። ስትከፍተው በአውራ ጣቷ የሆነ ነገር ቶሎ ዘጋች፤ ኔትዎርኩን መሆኑን አወቅኩ። «ፈገግ በይ እንጂ።»

ፈገግ አልኩ። ያ ፎቶ እስካሁን አለ። ያየው ሰው ሁሉ ያማርኩበት ነው ይላል።

ሁለተኛው ፏፏቴ ጋ ሰፊ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፤ ምሳ ተፈታ። ለነሱ ምስርና እንቁላል ነበር። ለኔ ግን ለብቻው የተቋጠረ ጥብስ ነበር። ጓደኛዬ ሥጋውን ከሙስሊም ሥጋ ቤት ገዝታ፣ ሙስሊም ጎረቤቷ ቤት አሠርታ ነው ያመጣችው፤ ይህን ሁሉ ያደረገችው እኔ ቤት ከመምጣቷ በፊት ነው። በስንት ሰዓት እንደተነሳች አሰብኩ።

«ብዪ» አለችኝ። «ጨርሺው።»

ጨረስኩት። ጣዕም አልነበረውም፤ አፌ ውስጥ እንደ ወረቀት ነበር። ግን ካልበላሁ እንደሚጨነቁ አውቃለሁ። እኔም ያኔ የፊዚክስ መምህሩ እህል ባነሳ ቁጥር እፎይ ስል ነበር። ጋሼ እያንዳንዱን ጉርሻዬን በዓይናቸው ይከተላሉ። ጓደኛዬ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣች፤ ጎረስኩላት። ያኔ አልቻለችም፤ ፊቷን አዙራ በነጠላዋ ሸፈነች።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ቃሪያው ነው» አለች።

ቃሪያ አልነበረም። አጠገቧ ሄጄ ጀርባዋን ዳበስኩ። «አብሽሪ» አልኳት፤ «ውሃ ጠጪ።» ውሃ አጠጣኋት። እሷ እኔን ማጽናናት ሲገባት እኔ እሷን ሳጽናና የሚሰማኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የነጠላዋ ጥለት ሻካራ ነው።

ወደ ሦስተኛው ፏፏቴ ስንወጣ ጓደኛዬ ከጠባቂው ጋር ቀደመች፤ እኔና ጋሼ ወደ ኋላ ቀረን። ጉልበታቸው ብሷል። በየጥቂት እርምጃው ይቆማሉ። አንዱ መታጠፊያ ላይ ዱላውን ተደግፈው፣ «አንቺ ጠንካራ ልጅ ነሽ» አሉኝ።

«ምን አስበው ነው ጋሼ?»

«ዝም ብዬ ነው።» ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ሊናገሩ ነው። አሁን ይነግሩኛል ብዬ አየኋቸው። ላብ ከግንባራቸው ወደ ቅንድባቸው ወርዷል፤ እንደ ሕፃን የፈሩ ይመስሉ ነበር። እዚህ ተራራ ላይ፣ ዘመድ በሌለበት፣ ሴት ልጅ ብትወድቅ ማን ያነሳታል የሚለው ሐሳብ ፊታቸው ላይ ይነበባል።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «የሁለተኛው ሩብ ዓመት ፕሮግራም ወጣ እንዴ? ዘጠነኛ ሲ ላይ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተደራርቦብኛል።»

እፎይ ብለው ተነፈሱ። «እሱን እናስተካክለዋለን» አሉ። «ሰኞ ... እንግዲህ በወዲያኛው ሳምንት እናስተካክለዋለን።» ስለ ፕሮግራሙ እያወራን እስከ ላይ ወጣን።

ሦስተኛው ፏፏቴ ቀጭን ነበር። ከላይ ሲወርድ ነፋሱ ያዛባዋል፤ አንዳንዴ መሬት ሳይደርስ ይበተናል። ጠባቂው ከሁሉም የሚያምረው ይኼ ነው አለ። ሁላችንም ያምራል አልን። ከዚያ ሆኖ የራያ ቆላ በሙሉ ይታያል፤ ማሳው፣ አስፋልቱ፣ የሮቢት ቆርቆሮዎች ሲያብረቀርቁ። ከቆርቆሮዎቹ አንዱ የእናቴ ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ። የማስመሰል እንቅልፍ አልነበረም፤ በጓደኛዬ ትከሻ ላይ አፌን ከፍቼ ተኛሁ። ሮቢት ላይ ቆመን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። አልቆምንም፤ በኋላ ነው የነገሩኝ። ቆቦ ስንደርስ ጓደኛዬ፣ «ዛሬ እኔ ጋ እደሪ፤ ብቻዬን ነኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ልብሴ ገመድ ላይ ነው፣ ይሰረቃል እንኳ አላልኩም።

በማግስቱ ገና የሱብሒ ሰላቴን ሰግጄ ሳላበቃ ግቢው ውስጥ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ። ሰላቴን አሰላምቼ፣ ምንጣፉን አጥፌ ተቀመጥኩና ጠበቅኳቸው። አጎቴ ነበር የቀደመው፤ ትናንት ያየሁትን ልብስ ነው የለበሰው። ከኋላው ሽማግሌዎች፣ ጎረቤቶች፣ ጋሼ፣ ግማሹ የትምህርት ቤታችን ሰው።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ አጎቴ። «ወንድምሽ ወደ ጌታው ሄዷል። የሚነዳው ቦቴ ተገልብጦ ነው። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ።»

ሴቶቹ ለቅሶውን አነሱት። ሁለቱ ራሴን እንዳልጎዳ ክንዴን ከግራና ከቀኝ ያዙ። የሚያዝ ነገር አልነበረም።

«ተቀበረ?» አልኩ።

«ሐሙስ። እዚያው ነው የተቀበረው። ሰጋጁ ብዙ ነበር ብለውናል።»

ሐሙስ ምን ሳደርግ ነበር ብዬ አሰብኩ። የካርታ አነባበብ ፈተና ሳርም ነበር። አንዱ ተማሪ ሰሜንን ወደ ታች አድርጎ ሥሎ፣ በቀይ እስክሪብቶ አስተካክዬለታለሁ።

አላለቀስኩም። ሴቶቹ እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ። አንዷ ጆሮዬ ስር፣ «አልቅሺ፣ ያወጣልሻል፤ ታፍኖ ይገድልሻል» አለችኝ። ሌላዋ ደንግጣ ነው አለች። አልደነገጥኩም፤ ይህን ግን ለማን እነግራለሁ።

ፀሐይ ሳይወጣ ሮቢት ወሰዱኝ። እናቴ ቤት ድንኳኑ ተተክሏል። እሷ ከውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ጥቁር ሻሿን አስራለች። ስገባ ሰው ሁሉ ዘወር አለልን። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እጄን ያዘችው፤ እጇ ደረቅና ቀዝቃዛ ነበር። እሷም አላለቀሰችም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ትናንት በዚህ ስታልፊ አይቼሻለሁ» አለችኝ።

«የት ሆነሽ?»

«ወፍጮ ቤቱ ጋ ጥላው ሥር። እህል ይዤ ወረፋ ስጠብቅ። መኪናው ውስጥ አየሁሽ። አንቺ ሮቢትን ሳትወርጂ አልፈሽ አታውቂም። ያኔ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እነሱ ለፍተዋል። ሰው ከየቦታው እስኪሰበሰብ ብለው ነው። ማታ ወንድሜ መጥቶ እዚሁ አደረ፤ ማሽላው ጥሩ ነው እያለ አጫወተኝ። እኔም እሺ እያልኩ አዳመጥኩት። ሌሊት ላይ ነግሮኝ ወዳንቺ ተነሳ።» ቀጥላም፣ «አንቺስ አውቀሻል?» አለችኝ።

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

እናቴ እጄን አልለቀቀችም። ደጅ አዲስ ለቀስተኛ መጥቶ ለቅሶው እንደገና ተነሳ። እሱ እስኪረግብ ጠበቀችና፣ «የት ነው የወሰዱሽ?» አለች።

«ደኑን። ፏፏቴውን።»

«እኔ አላየሁትም። ቅርባችን ሆኖ ሳላየው አረጀሁ። ውሃው ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው።»

«ይሁን» አለች።

ሦስቱን ቀን ተቀመጥን። ሰው እየመጣ አብሽሩ ይለናል፤ አብሽሩ እንላለን። ዱዓ ተደረገ። ወደ ትምህርት ቤት ስመለስ ፕሮግራሙ ተስተካክሎ ጠበቀኝ፤ ጋሼ አልረሱትም። የደን ጠባቂውን ወንድም ስም ለአያ ጓደኛ፣ ሞቱን ከሳውዲ ደውሎ ላሳወቀው ሰው፣ በስልክ አስያዝኩት። ሰውየው እጠይቃለሁ አለኝ። እስካሁን ያገኘሁት ወሬ የለም። እናቴን ከረመዳን በፊት ቆቦ አመጣኋት፤ አብራኝ ትኖራለች። ለቅሶው እንደ ሌላው ሰው አንድ ቀን ይመጣልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እንደዚያ አልሆነም። ድንዛዜው ግን መቼ እንደሆነ ሳላውቅ ለቀቀኝ፤ አንድ ቀን ምግብ ስበላ ጨው እንደበዛበት ታወቀኝና ጨው በዛ አልኩ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

ጓደኛዬ ነገሩን ያነሳችው ከፋሲካ በኋላ ነው። ከትምህርት ቤት ወጥተን ባጃጅ ስንጠብቅ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «ያን ቀን አውቀሽ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«ከየት ጀምረሽ?»

«ከሮቢት።»

ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «ያን ሁሉ ዳገት? ጥብሱንም? ፎቶውንም?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እናንተም አልነገራችሁኝም።»

እንደመሳቅ አለች፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ ላይ ትልቅ ኃጢአት የሠራች እየመሰላት እስካሁን ሲከብዳት እንደቆየ ነገረችኝ። ለሥጋው ጠዋት በር በር እያንኳኳች የለመነችውን፣ ስልኬ ቦርሳዋ ውስጥ ሲነዝር ልቧ የደነገጠውን ሁሉ ነገረችኝ። አዳመጥኳት። የምትለውን ሁሉ አዳመጥኳት። ስትጨርስ፣ «ያን ቀን ካንቺ ሌላ ሰው ጋ መዋል አልፈልግም ነበር» አልኳት። እውነቴን ነበር።

ባጃጁ መጣ። ተሳፈርን። እሷ ገበያው ጋ ወረደች፤ እኔ ወደ ቤት ቀጠልኩ።